ቅቤ የጠጣችው ቆርቆሮ

የቅቤ ነጋዴ ልጅ ነኝ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው፣ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት እንጅባራ የገባሁ ሰሞን ለማንም የማልናገረው ነገር ስለነበር ነው።

ዳንግላ ገበያ ውስጥ እናቴ የምትቀመጥባት ቦታ አለች። ከገጠር የሚመጣውን ቅቤ አይታ፣ አሽታ፣ ቀምሳ ትገዛለች፤ መልሳም ትሸጣለች። እኔንም ያሳደገችኝ በዚያው ነው። ቤታችን፣ ልብሳችን፣ ደብተሬ ሳይቀር ቅቤ ቅቤ ይሸታል። እኔ ግን አይሸተኝም ነበር። ተወልጄ ያደግሁበት ስለሆነ አፍንጫዬ እንደ ሽታ አይቆጥረውም። ሽታው መኖሩን ያወቅሁት ዶርም በገባሁበት ሳምንት ነው። ከጫግኒ የመጣች ሐያት የምትባል ልጅ ከእኔ በላይ ካለው አልጋ ላይ ትተኛ ነበር። ፎጣ አውሺኝ ብላኝ ስሰጣት አሸተተችና፣ «አንቺ፣ ፎጣሽን ነው ወይስ ድፎ ዳቦ የጠቀለልሽበትን ነው የሰጠሽኝ? ቅቤ ቅቤ ይላል» አለችኝ። የክፍሉ ልጆች ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የዚያኑ ዕለት ግን ያለኝን ልብስ ሁሉ አጠብሁ።

ሐያት ክፉ ልጅ አይደለችም። አባቷ ጫግኒ ሱቅ አላቸው፤ እሷም ከሱቅ ጀርባ ሆና ከሁሉ ዓይነት ሰው ጋር ስታወራ ስላደገች ነው መሰለኝ ያሰበችውን ሳታላምጥ ትናገራለች። ውላ አድራ የቅርብ ጓደኛዬ ሆነች። እኔ ደግሞ የእሷ ተቃራኒ ነበርሁ። መምህር ሲናገር ራሴን የምነቀንቅ፣ ሥራ ሲታዘዝ እጄን ቀድሜ የማወጣ፣ «እሺ» ማለት የማይሰለቸኝ ልጅ ነበርሁ። ሰው ደስ ካላለው እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

የእግር ጉዞ ክበብ የገባሁትም አንዱ የክፍላችን ልጅ «ግቢ» ስላለኝ ነው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ መንገዱ ክፍት በነበረበት ሰሞን፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ አንድ አዳር ልናድር ተነጋገርን። ድንኳን ከሰው ተዋስን። የቸገረን የማብሰያ ዕቃ ነው። የግቢው ካፌ ድስት እንኳን ተሸክመውት ሊጓዙ፣ ከምድጃው ለማውረድም ሁለት ሰው ይፈልጋል። የክበቡ መሪ ይበልጣል የሚባል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። «እንግዲያው ዳቦ ይዘን እንሄዳለን» ሲል እጄን አወጣሁ።

«እኔ እሠራለሁ» አልሁ።

«ምኑን?»

«ድስቱንም ምድጃውንም። ከወዳደቀ ቆርቆሮ።»

ከኋላ አንዱ ልጅ፣ «አልጋም ጨምሪበት» አለና ሌሎቹ ሳቁ። ይበልጣል ግን አልሳቀም። «ከሠራሽማ አንቺ ነሽ የምታበስይልን» አለኝ። ያቺን ቃሉን እንደ ሹመት ተቀበልኋት።

አሠራሩን ያየሁት ስልክ ላይ ነው። ሆቴሎች የቲማቲም ድልህ የሚመጣበትን ትልልቅ ጣሳ ጓሮ ይጥሉታል፤ እየዞርሁ ለቀምሁ። ምድጃው ከሁለት ጣሳ ይሠራል። ጠባቡ ሰፊው ውስጥ ይገባል፤ ውጭኛው ከሥር፣ ውስጠኛው ከሥርም ከላይም በምስማር ይበሳል። ከሥር የገባው አየር በሁለቱ መካከል እየሞቀ ወጥቶ ከላይ ባሉት ቀዳዳዎች ወደ እሳቱ ይመለሳል። በአገሩ ለከሰል ከሚተከለው ከዲከረንስ ዛፍ ሥር የተለቀመ እፍኝ ጭራሮ ብቻ ውሃ ያፈላል፤ ጭሱም ትንሽ ነው። ኩባያዎቹን ከትንንሽ ጣሳ ሠራሁ። አፋቸው እጅ እንዳይቆርጥ ጠርዙን በጉጠት ወደ ውስጥ አጥፌ ቀጠቀጥሁት፤ ከሽቦ ጆሮ አወጣሁላቸው። ሁሉም አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል፤ ተሰብስቦ በአንድ እጅ ይነሣል። እውነት ለመናገር ኮርቼ ነበር።

ለሁላችን የሚበቃ ትልቅ ድስት ግን ከጣሳ አይወጣም። በሳምንቱ መጨረሻ ዳንግላ ስሄድ ጓዳችን ጥግ አንድ ሰፊ ቆርቆሮ አየሁ። እናቴ ለዓመታት ቅቤ ስታመላልስበት ኖራ ጎኑ ሲጎደጉድ የተወችው ነው። ልውሰደው ስላት አገላብጣ አየችው።

«ልጄ፣ ይቺ ስንት ዘመን ቅቤ ስትጠጣ የኖረች ናት። ብታጥቢያትም አትለቅም» አለችኝ።

«አስለቅቃታለሁ» አልኋት።

በፈላ ውሃ አጠብሁ። በአመድ ፈተግሁ። በአሸዋ ፈተግሁ። በዱቄት ሳሙና ደገምሁ። ከላይ ቆርጬ አሳጠርኋት፣ ጠርዟን አጠፍሁ፣ የሽቦ ማንጠልጠያ አበጀሁላት። ከዚያ አፍንጫዬን አስገብቼ አሸተትሁ። ምንም የለም። ልብ በሉ፤ ያሸተትሁት በእኔው አፍንጫ ነው።

ዶርም ስመለስ ሐያት ዕቃዎቹን አልጋዬ ላይ ደርድራ፣ «ሥጋ የነካው ካለ ንገሪኝ፤ ከእስላም ሥጋ ሌላ አልበላም» አለችኝ። እኔም አንድ በአንድ እያነሣሁ ነገርኋት። ይቺ ከየትኛው ሆቴል ጓሮ እንደተነሣች፣ ምን እንደያዘች፣ በምን እንዳጠብኋት፤ ሁሉንም። ትልቋ ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የእናቴ የቅቤ ቆርቆሮ እንደሆነች ነገርኋት። «ቅቤ ምን ይለኛል» አለች። «እንደውም ይጣፍጣል።»

«ለይበልጣል ግን እንዳትነግሪው።»

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

አየችኝና ዕቃዎቹን አንዱን በሌላው ውስጥ ማስገባት ጀመረች።

ቅዳሜ ዕለት ሄድን። የዘንገናን ውሃ ልግለጽ አልልም፤ ያያችሁት ታውቁታላችሁ፣ ያላያችሁት ሄዳችሁ እዩት። ከሐይቁ ወጣ ብሎ ደልደል ያለ መስክ አገኘን። መስኩ ዳር በቀርከሃ የታጠረ ግቢ አለ፤ ከግቢው አንዲት እናት ብቅ አሉ። የማን ልጆች እንደሆንን፣ ከየት እንደመጣን፣ ቤት እያለ ለምን ውጭ እንደምናድር ጠየቁን። ይበልጣል ሲያስረዳቸው ቆይተው፣ «በሉ ከብቶቼ ስለሚውሉበት እሳታችሁን ደኅና አድርጋችሁ አጥፉ» ብለው ፈቀዱልን። እማማ ዝማም ይባላሉ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።

እኔ ዳንግላ ነኝ ስላቸው ደስ አላቸው።

«እናትሽ ምን ትሠራለች?»

«ነጋዴ ናት» አልሁ። ሌሎቹ አጠገቤ ነበሩ። የምን ነጋዴ እንደሆነች አልጨመርሁም።

እማማ ገብተው አንድ ሰፌድ ድንችና ደረቅ እንጨት ይዘው መጡ። ይበልጣልም እንግዲያው ራት ከእኛ ጋር ይበላሉ አላቸው። እምቢ ሊሉ ሲሉ ሁላችንም ለመንናቸው፤ ከሁሉ በላይ የለመንኋቸው እኔ ነኝ። ድንች በሽሮ ልሠራ ምድጃዬን አቀጣጥዬ፣ ዘይትና ሽንኩርት ጥጄ ማማሰል ጀምሬ ነበር። እማማ እሳቱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ያቺ ትንሽ ምድጃ ያን ሁሉ እሳት ማውጣቷ ገርሟቸው ጎንበስ ብለው አዩዋት። ከዚያ ቀና ሳይሉ እንዲህ አሉ፤

«እኔ ልጆቼ፣ ቅቤ አልቀምስም። ለጊዮርጊስ ተስያለሁ። አንማው ይቺን ደጃፍ ረግጦ እስኪገባ ቅቤ በአፌ አይዞርም ብያለሁ።»

አንማው ልጃቸው ነው። አንድ ልጃቸው። ሥራ ፍለጋ ወደ ዐረብ አገር የሚሻገሩትን ልጆች ተከትሎ ሄደ። አንድ ጊዜ ደውሎ፣ ባሕሩን ልንሻገር ነው አላቸው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። እማማ ይህን የነገሩን ድምፃቸውን ሳይለውጡ ነው። ይበልጣል ቶሎ ብሎ ወጡ በዘይት እንደሆነ ነገራቸው። እሳቸውም እኔን ቀና ብለው አዩኝና ድስቷን በአገጫቸው አመለከቱ።

«ዕቃዋስ ልጄ? ቅቤ ነክቷት ያውቃል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በዚያች ቅጽበት በሐሳቤ የመጣውን ነገር አሁንም ስጽፈው ፊቴ ይሞቃል። ስለ አንማው አላሰብሁም። ያሰብሁት ስለ ፎጣዬ ነው። አዎ ብል፣ የእናቴ የቅቤ ቆርቆሮ ናት ብል፣ ክፍሉ እንደሳቀው እነዚህም የሚስቁ መሰለኝ። የኮራሁበት ድስትም የሚጣል መሰለኝ።

«ንጹህ ናት እማማ» አልሁ። «በደንብ አጥቤያታለሁ።»

እማማም «ተባረኪ» አሉኝ።

ሐያት ከእሳቱ ማዶ ሆና ታየኛለች። ትንሽ ቆይታ ጨው የምታቀብል መስላ መጣችና ጆሮዬ ሥር፣ «እንንገራቸው» አለችኝ።

«ታጥባለች እኮ። ምንም የላትም።»

«የጠየቁሽ ታጥባለች ወይ ብለው አይደለም።»

«ሐያት፣ ተይኝ በናትሽ።»

ተወችኝ። እኔም ማማሰሌን ቀጠልሁ። ድንቹ እስኪበስል ጊዜ ወሰደ፤ እሳቱን አበረታሁት፤ የድስቷ ሥር ጋለ። ያን ጊዜ ያላወቅሁት ነገር ይህ ነው። የቆርቆሮ ሥርና ጎን የሚገናኘው ታጥፎ ነው። እጥፋቱ ውስጥ እጅ አይገባም፤ አመድም አሸዋም አይደርስም። እናቴ ትጠጣለች ያለችው እዚያ ነው። ከልኩ በላይ ሲግል የጠጣችውን ትመልሳለች። የወጡ ፊት ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ሲንሳፈፍ አይቼ ዘይቱ ነው ብዬ አለፍሁት። ሽታውም ለሌላ ሰው ሸቶ ይሆናል። ለእኔ ቤቴ ቤቴ አለኝ እንጂ ሌላ ነገር አላለኝም።

አወጣን። ለእማማ በመጀመሪያ ቀረበ። በእንጀራ ቆርሰው ጎረሱና፣ «እጅሽ ይባረክ፣ ይጥማል» አሉኝ። ሁለተኛውን ጎረሱ። ማላመጣቸውን ተዉት።

የጎረሱትን መዳፋቸው ላይ መለሱት። ከዚያ ብድግ ብለው ወደ ድስቷ ሄዱ፤ ጠርዙ ላይ የቀዘቀዘውን በጣታቸው ጠረጉና አሸተቱት።

«ቅቤ ነው» አሉ።

ይበልጣል ተነሥቶ ዘይት እንደሆነ፣ ራሱ እንደገዛው፣ እማማ ተሳስተው እንደሆነ ሊያስረዳቸው ሞከረ። እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ልጄ፣ ስንት ፋሲካ እየሸተተኝ አልፌዋለሁ» አሉት። «የናፈቀኝን አፌ አይስተውም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም። ቢቆጡ በወደድሁ።

«የማን ዕቃ ናት?»

«የእናቴ» አልሁ። «ቅቤ የምትነግድባት ነበረች።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ አጥሩ ሄደው በመዳፋቸው የያዙትን ጣሉ፣ በውሃ ተጉመጠመጡ፣ ደግመው ተጉመጠመጡ። ወደ ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ። የመዝጊያው ድምፅ ትንሽ ነበር።

ይበልጣል የተናገረኝን አልጽፍም፤ እውነቱን ነው። ሌሎቹ ባለማወቅ ነው፣ እግዜር ይቅር ይላል፣ አሮጊቷም አካበዱት እያሉ ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። ከተግሣጹ ይልቅ ያመመኝ ማጽናኛቸው ነው። ሐያት ግን አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና ጋቢዋን አካፈለችኝ። ወጡን ማንም አልነካውም።

በነጋታው እሑድ ነው። ገና ጎሕ ሲቀድ ወደ እማማ ደጃፍ ሄድሁ። ነጠላቸውን አጣፍተው ሲወጡ አገኘኋቸው። መሬት ስሜ ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ እንዳየኋቸው ግን ቃሉ ሁሉ ጠፋብኝና፣ «እማማ፣ አብሬዎ ልሂድ?» ብቻ አልሁ። የት እንደሚሄዱ አውቄያለሁ። የንስሐ አባታቸው ዘንድ ነው።

«ነይ» አሉኝ።

ስንሄድ አንድ ቦታ ላይ ቆም ብለው ትንፋሽ ሲወስዱ እንዲህ አሉኝ፤ «አልከፋኝም ብልሽ እዋሽሻለሁ። የትም ይሁን የት፣ አንድ ገመድ በእሱ ወገብ ላይ ነው፣ ጫፉ በእኔ እጅ ነው እያልሁ ነው የኖርሁት። ትናንት የለቀቅሁበት መሰለኝ።»

ትንሽ እንደሄድን አንዲት ጎረቤታቸው ከኋላ ደረሱብን። ሰላምታ ተለዋወጡና ሴትዮዋ እኔን አየት አድርገው ማን እንደሆንሁ በአውኝኛ ጠየቋቸው። እናቴ ከገጠር ደንበኞቿ ጋር የምታወራው በአውኝኛ ስለሆነ እሰማለሁ። እማማ ግን መስማቴን አያውቁም። አሁን ይነግሯቸዋል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«እንግዳዬ ናት» አሉ። «ትናንት ራት ሠርታ አበላችኝ።»

ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ ከጽድ ሥር ተቀምጠው አዳመጧቸው። እማማ ሁሉንም ነገሯቸው፤ ስለ እኔ ግን «ልጆቹ ሳያውቁ ነው» ብለው አለፉት። ቄሱ ሳያውቁ የቀመሱት ስለት እንደማያፈርስ፣ ዛሬ እንደገና እንዲይዙት ነገሯቸው። ነገሩ እዚያ ሊያልቅ ነው። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ደስ የማይለውን ነገር ሳልጠየቅ ተናገርሁ።

«አባቴ፣ እሳቸው ናቸው ያላወቁት» አልሁ። «እኔ ዕቃዋ የቅቤ እንደነበረች አውቅ ነበር። ጠይቀውኝም ነበር።»

«ምን ብለሽ መለስሽ?»

«ንጹህ ናት አልኋቸው።»

«የጠየቁሽ ንጽሕናዋን ነው?»

«አይደለም።»

ቄሱ ሊናገሩ ሲሉ እማማ ቀደሟቸው።

«አባ፣ እሷን ይተዉልኝ። ጓደኞቿ ፊት የቅቤ ሻጭ ልጅ ነኝ ማለት አፍራ ነው። ትናንት እናትሽ ምን ትሠራለች ስላት ነጋዴ ናት ብላ ዓይኗን ስትሰብር አይቻታለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እኔም አንማውን ያሳደግሁት ቅቤ ሸጬ ነው፣ ልጄ። ስለቴን ቅቤ ያደረግሁት ለዚያ ነው። ከእሱ የሚበልጥ የምተውለት ነገር አልነበረኝም።»

እዚያው አለቀስሁ። ቄሱ ለእኔ ያሉኝ ትንሽ ነው፤ እሱን ለራሴ ላስቀረው።

ሳምንቱን ሳልጨርስ ዳንግላ ሄጄ ለእናቴ ነገርኋት። ስለ ድስቷ፣ ስለ እማማ፣ ስለ ጥያቄው። ነግሬሽ አልነበር ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ የምታበጥረውን ገብስ አስቀመጠችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እኔን ነው ያፈርሽብኝ?»

እንደ ዱሮዬ የሚያስደስት መልስ ልፈልግ እችል ነበር፤ አልፈለግሁም። ዝም አልሁ። እሷም ዝምታዬን ሰማች። እማማ ዝማም በሩን ሲዘጉ ከተሰማኝ ይልቅ ይህ ይከብዳል።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ አብዛኞቻችሁ ውሸታም አይደላችሁም። እኔም አልነበርሁም። ያልሁትን ቃል ብትመዝኑት ውሸት የለበትም፤ ድስቷን በእርግጥ አጥቤያታለሁ። ነገር ግን አንዲት እናት ልጃቸውን የያዙበትን ገመድ አደራ ብለው እጄ ላይ ሲያስቀምጡ፣ እኔ ስለ ራሴ ሽታ ነበር የማስበው። የሰው ጥያቄ ሲመጣባችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ምን እንደተጠየቃችሁ ስሙ። እኔ ከዚያ ወዲህ ይህን እየተማርሁ ነው። ገና አልተማርሁትም። እሺ የሚለው ቃል አሁንም ቀድሞኝ ይወጣል።

ከፋሲካ በኋላ አንዲት አዲስ ድስት ሠራሁ። ትንሽ ናት፤ ለአንድ ሰው ትበቃለች። ሐያት ልትሸኘኝ መጥታ አብረን ወደ እማማ ሄድን። አንማው አልደወለም። ድስቷን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩዋት፣ በጣታቸው የታጠፈ ቦታዋን ዳሰሱ፣ ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ይቺስ?»

ያነሣኋት ከየትኛው ሆቴል ጓሮ እንደሆነ ነገርኋቸው። የቲማቲም ድልህ ይዛ እንደነበር፣ ከዚያ በፊት ምን እንደነበረች ግን እንደማላውቅ፣ ድልሁ ራሱ ምን እንደተጨመረበት እንደማላውቅ፣ በምን እንዳጠብኋት፣ እጥፋቷን እንዴት እንደከፈትሁና እንደገና እንዳጠፍሁት፣ ያጠብሁባት ዕቃ የማን እንደሆነች፣ ያሸተተችልኝም እኔ ሳልሆን ሐያት እንደሆነች ነገርኋቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

ውሃ ቀድተው ጣዱባት።

እስካሁን ስሄድ እዚያው ጉልቻ ላይ አገኛታለሁ። ውሃ ብቻ ነው የሚያፈሉባት።